መንታ መንገድ ላይ ጭዳ የሚጥል ሰው ይቀጣ ወይስ ይተው?

አዘጋጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው መከራከሪያችን ይኸው። ጳጉሜ አልቆ ዓመት ሲለወጥ በየመንታ መንገዱ፣ በየድልድዩ አፍና በየወንዝ ዳሩ ጭዳ ይጣላል፤ አንገቷ የተቆረጠ ዶሮ፣ እንቁላል፣ በጨርቅ የተቋጠረ ሳንቲም። «የሚከለክል ደንብ ይውጣ፣ የጣለውም በገንዘብ ይቀጣ» የሚሉ አሉ። «የሰው እምነት ነው፣ መንግሥት ምን አገባው» የሚሉም አሉ። እናንተስ? ስድብ የጻፈ ከቡድኑ ይወጣል።

የጉለሌዋ እናት፦ እኔ ይቀጣ ባይ ነኝ። ጭዳ ጸሎት አይደለም። ዶሮዋ በታመመው ሰው ራስ ላይ ትዞራለች፣ ደዌውን ይዛ እንድትሄድ ይነገርባታል፣ ከዚያ መንገድ የሚለያይበት ቦታ ትጣላለች። ለምን እዚያ? ቦታው የማንም ስላልሆነና ሁሉም ስለሚያልፍበት ነው። መጀመሪያ የረገጣት ወይም የተሻገራት ሰው በሽታውን ይወስዳል ተብሎ ይታመናል። በዚያ መንገድ ጠዋት ጠዋት የሚያልፈው የእኔ ልጅ ነው። ይሥራ አይሥራ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የጣለችው ሴትዮ ግን የእሷ ቤት እንዲድን የእኔ ቤት እንዲታመም ፈልጋለች። ይህን እንዴት ብዬ እምነት ነው ብዬ ላክብርላት?

ጠበቃው፦ እህቴ፣ ቁጣሽ ይገባኛል። ሆኖም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን አስቦበታል። ፈጽሞ ሊሳካ በማይችል መንገድ ጉዳት ለማድረስ የሞከረ ሰው፣ ያደረገው ከአጉል እምነት ወይም ከየዋህነት ተነሥቶ ከሆነ አይቀጣም። ያው ሕግ ግን በደንብ መተላለፍ ክፍሉ፣ መናፍስት እጠራለሁ፣ የተሰወረ እናገራለሁ እያለ የሰውን የዋህነት ገንዘብ የሚያደርገውን ይቀጣል። የጎደለን አዲስ ደንብ አይደለም፣ ያለውን የሚያስፈጽም ነው።

የጽዳት አስተባባሪ፦ ስለ ሕግ ስታወሩ ማን እንደሚያነሳው የጠየቀ የለም። የምናነሳው እኛ ነን። የመስከረም 1 ዕለት ገና ሳይነጋ አካፋና መጥረጊያ ይዘን ስንወጣ ደሙ አስፋልቱ ላይ ደርቆ፣ ላባው ከቄጠማ ጋር ተጣብቆ እናገኘዋለን። ከቡድኔ ሴቶች አንዳንዶቹ ዙሪያውን ጠርገው እሱን ይተዉታል። ሌሎቹ አማትበው በአካፋ ያነሱታል፤ ቤት ሲገቡ ገላቸውን ሳይታጠቡ ልጅ አያቅፉም። አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ እሷን አላስነካኋትም፣ እኔው አነሳሁት። ሳንቲሙን ጎዳና የሚያድሩ ልጆች ቀድመውን ይወስዱታል። ዶሮዋንም ጠብሰው ሲበሉ አይቻለሁ፣ ስንት ሰዓት ሜዳ ላይ የቆየች ሥጋ! ሰው ደዌ ብሎ የጣለውን የሚበላ ልጅ ባለበት ከተማ «እምነቴ ነው» የሚለው ነገር አይዋጥልኝም።

የታሪክ መምህር፦ ጥንቃቄ እናድርግ። እኛ አገር ጥንቆላን በቅጣት ለማጥፋት የተሞከረው ዛሬ አይደለም። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹ ሰይጣንንና «ደስክ» የተባለውን መንፈስ መካዱን የሚገልጽ ቃል እንዲጽፍ አዝዘው ነበር። ደስክና ዲኖን አመለኩ የተባሉ ብዙዎች ተቀጡ፤ ዜና መዋዕላቸው እንደሚለው የራሳቸው ልጆች ሳይቀሩ ተገድለዋል። ማስረጃው ጥቆማ ነበር።

ሌባሻይንም አስታውሱ። ለአንድ ልጅ መድኃኒት የተቀላቀለበት ወተት ይሰጠውና ራሱን ስቶ በገመድ እየተያዘ በየደጃፉ ይነዳል። የማንን ደፍ ተሻግሮ ከገባ በኋላ መደብ ላይ ወደቀ? ሌባው የዚያ ቤት ጌታ ነው፣ ይክፈል። ይህ በባለሥልጣን ፊት የሚደረግ ነበር፣ በድብቅ አልነበረም። ሕግ የማይታየውን ነገር እዳኛለሁ ሲል መጨረሻው ይኸው ነው፤ የሚጠቆመውም ሁልጊዜ ደካማው ሰው ነው።

ከነታንያ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ እስራኤል አገር፣ ነታንያ ከተማ የምኖር ቤተ እስራኤል ነኝ። የእናቴ እናት ጎንደር ገጠር ሸክላ ትሠራ ነበር። ጎረቤት ድስቱን ጀበናውን ከእሷ ይገዛል፣ ልጁ ሲታመም ደግሞ «በላችው» ይላል። አያቴ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበር ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይባል ነበር። ሲመሻሽ መንገድ ላይ ሲያገኙት ልጆቻቸውን ነጠላ ውስጥ ይደብቁ ነበር። ቡዳ የተባለ ሰው በየትኛው ፍርድ ቤት ቀርቦ ቡዳ እንዳልሆነ ያስረዳል? ዐፄ ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው አትስደቡ ብለው አዋጅ ማስነገር ግድ ሆኖባቸው ነበር። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ጸሐፊውን ጠንቋይ እያላችሁ ብለው። ቅጣት ያለበት ደንብ ስታወጡ «ሲጥል አየሁት» የሚል ጎረቤት ወዲያው ይነሣል። የተጣላትን ሴት ነው የሚጠቁመው።

የጉለሌዋ እናት፦ ያልሽው አሳምሞኛል እህቴ። ግን እኔ ቡዳ ናት ተብሎ ሰው ይከሰስ አላልኩም። ጎረቤት ጠቆመ ተብሎም አይሁን። በእጇ ስትጥል የተያዘች፣ መንገዱን በደም ያበላሸች ትቀጣ ነው የምለው።

ከቢሾፍቱ፦ የደንቡ ቃል እንዴት ይጻፋል? እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። «በወንዝ ዳር፣ በሐይቅ ዳር፣ በዛፍ ሥር የሚደረግ ባዕድ አምልኮ» ተብሎ ቢጻፍ ኢሬቻ ምን ሊሆን ነው? ክረምቱ ወጥቶ ብራ ሲገባ ሆራ አርሰዲ ዳር እርጥብ ሣርና አደይ ይዘን ዋቃን እናመሰግናለን። ይህንንም ጥንቆላ የሚሉ ሰዎች እዚሁ ቡድን ውስጥ አሉ፣ አንብቤያለሁ። ጥምቀትስ ውኃ ዳር አይደለም? የጠበል ምንጭስ? ሰው ከአንድ ወቅት ወደ ሌላው ሲሻገር ወደ ውኃ ይወርዳል፣ ከጥንትም እንዲሁ ነው። ቦታውን አትክሰሱት።

ነርሷ፦ ዲያቆን ከመናገሩ በፊት አንድ ነገር ልበል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ድልድይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ሲወድቅ «ለክፎታል» ተብሎ ማንም አይነካውም። ክብሪት ተጭሮ ጭሱ አፍንጫው ሥር ይያዝለታል። ለሃጩ ይጋባል ብለው ይሸሻሉ፤ እሳት ላይ የወደቀው ተቃጥሎ ይመጣልናል። ማድረግ የሚገባው እኮ ቀላል ነበር፦ ከእሳቱ ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት። በየቀኑ በሚዋጥ ርካሽ ክኒን ብዙዎቹ መውደቃቸውን ያቆማሉ። ታዲያ ክኒኑ ጋ ሳይደርሱ ገብስማ ዶሮ፣ ጥቁር በግ፣ እንደገና ዶሮ እያለ ያላቸውን አሟጦ የሚያስጨርሳቸው ሰው አለ። የጉለሌዋ እህቴ፣ ጭዳ ስትጥል የምታያት ሴት ዶሮዋን ተበድራ የገዛች እናት ናት። ቅጣቱ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። ያዘዛት ሰውዬ ከመጋረጃው ጀርባ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል።

ዲያቆኑ፦ ቤተ ክርስቲያን ጭዳን አትቀበልም፣ ይህ አያከራክርም። የሰው ፍርሃት ግን ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። መዝሙረ ዳዊት 90 ላይ «ጋኔነ ቀትር» አለ፤ እናቶቻችን በቀትር ወንዝ አትውረዱ፣ ሲመሽ አመድ አትድፉ ሲሉ ያሳደጉን በዚህ ነው። የእኛን ቤት ጥፋትም መሸፈን የለብንም። አራስ ቤት፣ ወንዱ 40 ሴቷ 80 ቀን ሞልቷቸው እስኪጠመቁ ድረስ ሕፃናት ትገድላለች የምትባለውን ውርዝልያን ያርቃል ተብሎ የሚሰቀለውን ክታብ የሚጽፈው ማን ነው? ከእኛው ጉባኤ የወጣ ደብተራ ነው፣ በብራና፣ በገንዘብ። ጳጉሜ 3 በሩፋኤል ዝናብ ተጠምቆ የተባረከው ምእመን በዓመቱ መጨረሻ ሌሊት ዶሮ ታቅፎ ወደ መንታ መንገድ ይወጣል። ይህን ሰው ደንብ አስከባሪ ሳይሆን የንስሐ አባቱ ነው የሚመልሰው። እኛ ቀድመን ሳናስተምር ፖሊስ ላኩ ማለት ያሳፍረኛል።

ጠበቃው፦ ዲያቆን፣ ማስተማሩ ይቅደም። ነርሷ ያለችው ሰውዬ ግን በስብከት አይቆምም፤ ለእሱ ሕጉ አለ። ችግሩ ከሳሽ አለመገኘቱ ነው። ገንዘቧን የጨረሰች እናት «ይመልስብኛል» ብላ ስለምትፈራ ቃሏን አትሰጥም።

የጉለሌዋ እናት፦ እሺ። ነርሷ ያለችውን ሳስበው አደርኩ፣ የዋናው ቅጣት ባለቤት ያዘዘው ይሁን። የጣለችውን ግን ዝም አልልም። እምነቷን ሳይጠይቁ፣ ጠንቋይ ሳይሏት፣ መንገድ ላይ ሬሳና ደም እንደጣለ ማንኛውም ሰው ትቀጣ። ሥጋ ቤትም ቢጥለው እኮ ይቀጣል።

ከነታንያ፦ እንደዚያ ከሆነ አልቃወምም። «ጭዳ»፣ «ጥንቆላ»፣ «ባዕድ አምልኮ» የሚሉት ቃላት ደንቡ ውስጥ አይግቡ።

የጽዳት አስተባባሪ፦ እኔም ተስማምቻለሁ። ከቅጣቱ ለሚገኘው ገንዘብ ግን ከወዲሁ አንድ ነገር ጻፉበት፤ ረጅም የላስቲክ ጓንትና የሚቃጠልበት ቦታ ይዘጋጅልን። መስከረም 1 ደግሞ ነፍሰ ጡርና አራስ የሆኑት ለጠዋቱ ፈረቃ አይመደቡ።