ጥጤ ለአራተኛ ጊዜ መብላት አቆመች፤ ምኑን ነው ያላየሁት?

የጥጤ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥንቸል የምታሳድጉ ሰዎች እባካችሁ አንብቡልኝ። ትንሽ ይረዝማል። የትኛዋ ነገር ፍንጭ እንደምትሆን ስለማላውቅ ያየሁትን ሁሉ ነው የምጽፈው።

ጥጤ ነጭ ጥንቸል ናት። ዕድሜዋ 4 ዓመት፣ ክብደቷ 2.1 ኪሎ ነው። ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ቀን ቀን እንደ ልቧ ትዘዋወራለች። ጠዋት ፍሪጅ ስከፍት ድምፁን ሰምታ ትመጣና እግሬ ሥር ትሽከረከራለች። ሳትመጣ የቀረች ቀን ገና ሳላያት ልቤ ድንግጥ ይላል።

በ5 ወር ውስጥ ይሄ አራተኛዋ ነው። አጀማመሩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ማታ ደህና ሆና ታመሻለች። ጠዋት ጥግ ይዛ ኩርምት ብላ አገኛታለሁ። ዓይኗ ግማሽ ክድን ይላል። የምትወደውን ቅጠል አፍንጫዋ ሥር ሳደርግላት ታሸተውና ፊቷን ታዞራለች። ጥርሷን ስታፋጭ ይሰማኛል። ሳጥኗ ውስጥ በጠጥ የለም፤ ካለም ጥቂት፣ ደረቅና ቁንዶ በርበሬ የምታክል ናት።

ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ። በቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ይሰጣታል። የሕመም ማስታገሻና አንጀት የሚያንቀሳቅስ መድኃኒት ይጨመርላታል። ቤት ስንመለስ በውኃ የሚበጠበጥ የበሽተኛ ጥንቸል ምግብ በሲሪንጅ አበላታለሁ። በሁለተኛው ቀን ትነሳለች። ደስ ይለኛል፤ ሁሉንም እረሳለሁ። ከአንድ ወር ወይም ከወር ተኩል በኋላ ደግሞ እንደገና። አሁንም ከትናንት ጀምሮ መብላት ጀምራለች፤ ግን ከዚህ በኋላ ዝም ብዬ ቀጣዩን መጠበቅ አልችልም።

የምትበላው፦ እንክብል መኖዋ ሳህኗ ላይ ሁሌም አለ፤ በጎደለ ቁጥር እሞላለሁ። ድርቆሽ አላት፤ ግን ለስላሳውን ቅጠል ብቻ እየመረጠች አገዳውን ትተዋለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ ቅጠሉንም ቀንሳለች። ማታ ማታ አንድ ካሮት እሰጣታለሁ። አልፎ አልፎ ሙዝ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ምንጣፉ ላይ ለስላሳ፣ የሚሸት፣ የወይን ዘለላ የሚመስል ነገር ተጣብቆ አገኛለሁ። ተቅማጥ ነው? ሁለተኛ፣ አገጯ ሥር ያለው ጸጉር እርጥብ ይላል። ይሄኛው ከውኃ ሳህኗ ይመስለኛል።

አሁን ጸጉሯ እየረገፈ ነው። አንድ ወዳጄ «ጸጉር ውጣ ሆዷ ውስጥ ተቋጥሮ ነው፤ የአናናስ ጭማቂ ስጫት» አለችኝ። ልስጣት? ሐኪሙ የፊት ጥርሷን አይቶ ደህና ነው ብሏል።

ረጅም ጆሮ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ ጋ የነበረው ወንዱ ጥንቸል በ3 ዓመቱ ልክ እንደዚህ ያደርገው ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ 6 ዓመት ኖሯል። ስለዚህ ተስፋ አትቁረጪ።

መጀመሪያ ስለ ምንጣፉ። ተቅማጥ አይደለም። የጥንቸል አንጀት ምግብን እንደ ወንፊት ይለያል። ሻካራውን ቃጫ ቶሎ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ያቺ ክብ ደረቅ በጠጥ እሷ ናት። ደቃቁን ደግሞ ወደ ኋላ መልሶ ሴከም ወደሚባል ትልቅ ከረጢት ያስገባዋል። እዚያ ባክቴሪያዎች ያብላሉትና በለስላሳ ዘለላ መልክ ይወጣል። ጥንቸል ያንን ከወጣበት ላይ በአፏ ተቀብላ ትበላዋለች። ፕሮቲንና የቢ ቫይታሚኖች የምታገኝበት ነው። በደህና ጊዜ አንቺ ጨርሶ አታይውም። መሬት ላይ ከቀረ አንድም ምግቧ ስታርችና ስኳር በዝቶበታል፣ አንድም ዞራ ለመብላት የሚያማት ቦታ አለ።

የኔ ሰውዬ ላይ ጥፋቱ የኔ ነበር። እንዳንቺው ሳህኑን እሞላ ነበር። ያን እንክብል ከጠገበ ድርቆሽ ለምን ይበላል? አንጀቱን የሚገፋው ግን ያ ሻካራ ቃጫ ነው። ቃጫው ሲቀንስ አንጀቱ ይዘገያል። ሲዘገይ ሆድ ውስጥ ያለው ይደርቃል፣ ጋዝ ይሠራል፣ ጋዙ ያማል። ሲያመው መብላት ይተዋል። ሳይበላ ሲቀር አንጀቱ ጭራሽ ይቆማል። እንዲህ ነው ዙሩ።

ያደረግሁትን ልንገርሽ። እንክብሉን በኪሎ ክብደት ወደ 25 ግራም አወረድኩት። ለጥጤ በቀን 50 ግራም ገደማ ማለት ነው። ግን በአንድ ቀን አትቁረጪባት፤ በ3 ሳምንት ቀስ እያልሽ ቀንሺ። ድርቆሹን በአንድ ቦታ ሳይሆን በሦስት ቦታ አስቀምጪ፤ አንዱ የግድ ሳጥኗ አጠገብ ይሁን። ጥንቸል እየተጸዳዳች መብላት ትወዳለች። በቀን ሁለቴ አዲስ ጨምሪ፤ የከረመ ድርቆሽ ሽታው ይጠፋል፣ እነሱም ይንቁታል። የምትሰጫት አልፋልፋ (የባቄላ ዘመድ የሆነው መኖ) ከሆነ ለአዋቂ ጥንቸል ካልሲየሙም ፕሮቲኑም ይበዛል፤ የሣር ድርቆሽ ፈልጊላት። ካሮትና ሙዝ ደግሞ ስኳር ናቸው። ካሮቱን በሳምንት አንዴ፣ የጣት ጫፍ የምታህል።

ውኃ በምንድን ነው የምትጠጣው? ሳህን ካልሽ ጥሩ ነው። ከጠርሙስ ይልቅ ከሳህን የበለጠ ይጠጣሉ። እኔ ቅጠሉንም አጥቤ ውኃውን ሳላራግፍ ነበር የምሰጠው።

ስለ ሲሪንጅ አንድ ነገር። ከፊት ለፊት አትግፊባት። ከጎን፣ ከፊት ጥርሶቿ ጀርባ ባለው ክፍተት አስገቢና ጥቂት በጥቂት፣ እስክትውጥ እየጠበቅሽ። በጀርባዋ አታስተኛት። ወደ ሳንባዋ ከገባ ሌላ መከራ ነው።

ይሄን ደግሞ ሌላም ሰው ስለሚያነበው እጽፈዋለሁ፦ ጥንቸል 12 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልበላች ድንገተኛ ሕመም ነው፤ አይታደርም። ሆዷ እንደ ከበሮ ከተወጠረ በሲሪንጅም ምንም አትስጡ፤ ይዛችሁ ሩጡ።

ቡኒዬ፦

እኔ አናናስ ሰጥቼ ድናልኛለች። ጸጉር እየረገፈ ከሆነ እሱ ነው። በየቀኑ አበጥሪያት።

ነጭ ጋዋን፦

ሰላም ነዎት? የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ብዙ ጥንቸሎች አክማለሁ። ሳላያት ይሄ ነው ልል አልችልም። ግን ከጻፉት ውስጥ አንድ ነገር አላስተኛኝ አለ፤ ያቺ እርጥብ አገጭ።

ከዚያ በፊት ስለ አናናሱ። ቡኒዬ፣ ጥንቸልዎ በመዳኗ ደስ ብሎኛል። ግን ጸጉር ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ አናናስ ውስጥ ያለው ኢንዛይም አያሟሟውም። ጥንቸሎች ሁልጊዜ ጸጉር ይውጣሉ፤ አንጀታቸው ደህና ሲሠራ ከበጠጡ ጋር ይወጣል። የሚቋጠረው አንጀቱ ሲዘገይና ሆድ ውስጥ ያለው ሲደርቅ ነው። ድሮ መንስኤ ይመስለን የነበረው አሁን ውጤት መሆኑ ታውቋል። ጭማቂው የሚጨምርላት ስኳሩን ነው። ማበጠሩ ግን ትክክል ነው፤ በሚረግፍበት ሰሞን በየቀኑ ያበጥሯት።

አሁን ወደ አገጩ። አገጯ ከርጥበት የማይላቀቅ ጥንቸል ምራቅ እያዝረበረበች ሊሆን ይችላል። ድርቆሹን ጨርሳ አልተወችም፤ መጀመሪያ አገዳውን ተወች፣ ከዚያ ቅጠሉንም ቀነሰች። እንክብሉን ግን ትበላለች። ይሄ ቅደም ተከተል እኔን የሚያስበኝ የመንጋጋ ጥርስ ነው። የጥንቸል ጥርስ ሁሉ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። የፊቶቹ ብቻ በሳምንት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያድጋሉ። መንጋጋዎቹን የሚሞርዳቸው ድርቆሽ ሲታኘክ የሚደረገው የጎን እንቅስቃሴ ነው። እንክብል እንደዚያ አይታኘክም፤ ተሰባብሮ ይዋጣል። ስለዚህ ጥርሱ በእኩል ሳይሞረድ ይቀርና ሹል ጠርዝ ያወጣል። የታችኞቹ ምላስን ይቆርጣሉ፣ የላይኞቹ ጉንጭን።

የፊት ጥርስ ደህና መሆኑ ስለ ኋላው ምንም አይናገርም። የጥንቸል አፍ ጠባብና ጥልቅ ነው። ነቅታ እያለች በመሣሪያ ማየት ቢቻልም ብዙ ነገር ይሰወራል። በማደንዘዣ ተኝታ መታየትና የጭንቅላት ራጅ መነሳት አለባት። ይሄን ሐኪምዎን በግልጽ ይጠይቁት፤ የሚከፋው አይመስለኝም። ጥንቸል አታስታውክም፤ ስለዚህ ከማደንዘዣው በፊት እንደ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ አትጹም። «እንዳትበላ አድርገሽ አምጫት» ከተባሉ ለምን ብለው ይጠይቁ።

ጥርሷ ደህና ሆኖ ከተገኘ ፍለጋው አይቆምም። ወገቧ ላይ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የሽንት ፊኛ አሸዋ፣ የማሕፀን ችግርም አንጀትን ያቆማሉ። የትኛውም ሕመም ያቆመዋል። እሷ የሚያማት ነገር ሳይገኝ አንጀቱን ብቻ ብናንቀሳቅሰው ከወር በኋላ እንገናኛለን። የሚያንቀሳቅሰውን መድኃኒት ደግሞ በራስዎ ቤት አስቀምጠው እንዳይሰጧት። አንጀቷ ተዘግቶ ከሆነ ይጎዳታል።

አንድ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ለሰው የተገዛ አንቲባዮቲክ፣ ማለትም አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን ወይም ክሊንዳማይሲን፣ በአፏ እንዳይሰጣት። ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ መርዘኞቹን ያስነሳባታል፤ በዚህ የሞቱ ጥንቸሎች አይቻለሁ።

የጥጤ እናት፦

ከ5 ሳምንት በኋላ ነው የተመለስኩት። ይቅርታ፤ ጨርሼ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ነጭ ጋዋን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምራቅ ነበር። በማደንዘዣ ተኝታ ሲያዩዋት በታችኛው ግራ መንጋጋ ሁለት ጥርሶቿ እንደ መርፌ ሾለዋል። ምላሷ ጎን ላይ ቁስል ነበር። ሐኪሙ ፎቶውን ሲያሳየኝ አለቀስኩ። ያን ቁስል ይዛ ነበር እግሬ ሥር የምትሽከረከረው። ራጁ ላይ ሥሩ ደህና ነው ተብሏል፣ መግልም የለም። ጠርዙን ሞረዱላትና ለ5 ቀን ማስታገሻ ሰጡኝ። ሳትጾም ነው የገባችው፤ ከነቃች ከ3 ሰዓት በኋላ ቅጠል በላች።

ረጅም ጆሮ፣ ድርቆሹን በሦስት ቦታ አድርጌያለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ባዶ ሳህኗን በጥርሷ አንስታ ትወረውር ነበር፤ ድምፁ ሌሊት ይቀሰቅሰኛል። ሁለቴ ተሸንፌ ጨምሬላታለሁ። አሁን 50 ግራም ላይ ነን፤ ጠዋት 25፣ ማታ 25። አገዳውን መብላት የጀመረችው ከሞረዷት በ9ኛው ቀን ነው። ምንጣፉ ላይ ያ ለስላሳው ነገር ከታየ 2 ሳምንት አልፎታል። በጠጧ አድጓል፣ ቀለሙም ወደ ሣር ቀለም ሄዷል፤ ስሰብረው ውስጡ ቃጫ ነው። ይሄን ለማን ልናገር? ቤት ያሉት ስለ በጠጥ ሳወራ ሰልችቷቸዋል።

ደብተር ይዣለሁ። በየቀኑ ሦስት ነገር፦ ድርቆሽ በላች ወይ፣ በጠጧ ምን ያህላል፣ አገጯ ደረቅ ነው ወይ። ቀድሜ ይዤው ቢሆን ኖሮ ድርቆሹ እየቀነሰ የሄደው ከመጀመሪያው ሕመም በፊት እንደነበር አየው ነበር። ከ6 ሳምንት በኋላ ለጥርሷ እንመለሳለን፤ ሹሉ ተመልሶ ሊወጣ እንደሚችል ተነግሮኛል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። በሳምንት አንዴ መዝኛት ተብያለሁ፤ ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጣት ግን ዘልላ ትወርዳለች። አቅፌ ይዣት ስመዘን ደግሞ ቁጥሩ ይለያያል። እንዴት ታደርጋላችሁ?

ረጅም ጆሮ፦

ደስ ሲል! ካርቶን ሚዛኑ ላይ አድርጊና ዜሮ አስገቢው። ከዚያ ጥጤን ካርቶኑ ውስጥ፤ ቅጠል ደግሞ በእጅሽ ይዘሽ አሳያት። ቅጠሉን ውስጥ ከጣልሽው ግራሙ ውስጥ ይገባብሻል። ሁሌም በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት ሳትበላ መዝኛት። 2.1 የነበረችው 2 ኪሎ ከገባች ሌላ ምልክት አትጠብቂ፤ ለሐኪሙ ደውዪለት።