ሐዋሳ ላይ የፍሪጅና የኤሲ ሙያ መማር ፈልጌ ነበር፣ ከየት ልጀምር?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ነው። 12ኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝም፣ ቤት ቁጭ ማለቱም ሰለቸኝና ሙያ ልማር ብዬ ተነስቻለሁ። አጎቴ “ፍሪጅና ኤሲ ተማር፣ ከተማው ሙቅ ነው፣ ሆቴሉ ሁሉ ኮልድ ሩም አለው፣ ሥራ አታጣም” ይለኛል። እናቴ ደግሞ ኮሌጅ ገብተህ በወጉ ተመረቅ ባይ ናት። ጓደኛዬ የሦስት ወር አጭር ኮርስ አለ፣ ሰርተፍኬትም ይሰጣሉ ብሎኝ ሄጄ አየሁት። አንድ ክፍል፣ ነጭ ሰሌዳ፣ ጥግ ላይ በሩ የተነቀለ አሮጌ ፍሪጅ። በቃ።

እና ምን ትመክሩኛላችሁ? ኮሌጅ፣ አጭር ኮርስ፣ ወይስ ሱቅ ገብቶ ከባለሙያ ሥር መልመድ? ሒሳብ ላይ ደከም እላለሁ፣ ያስቸግረኛል? ደግሞ የትምህርቱ ስም ላይ “ማሞቂያ” የሚል አለ፤ እዚህ አገር ቤቱን የሚያሞቅ ማን ነው?

ባለ ጌጁ፦
ልጄ፣ አጎትህም እናትህም ልክ ናቸው። ያ ነጭ ሰሌዳ ያለበት ቤት ግን ይቅርብህ። የትም ከመመዝገብህ በፊት “ቫኪዩም ፓምፕ አላችሁ?” ብለህ ጠይቅ፤ ጋዙ ከሚዞርበት መስመር፣ ማለትም ከሲስተሙ፣ አየርና እርጥበት ስቦ የሚያወጣ ማሽን ነው። አለን ካሉህ አሳዩኝ በል። ካሳዩህ ደግሞ ተማሪው ይነካዋል ወይስ ለእይታ የተቀመጠ ነው በል። ፓምፕ የሌለው ቤት የሚያስተምርህ ጋዝ እየጨመሩ ደንበኛ ማመላለስን ነው።

ለምን መሰለህ? ሲስተሙ ውስጥ እርጥበት ከቀረ ካፒላሪው፣ ያቺ ቀጭኗ ቧንቧ፣ መውጫ ላይ በረዶ ሆኖ ይዘጋዋል። ፍሪጁ ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት ያቆማል፣ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። ባለቤቱ ግራ ይገባዋል፣ ጠጋኙም አብሮ ግራ ይገባዋል። አር 134ኤ በሚባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚሠራ ሞተር ዘይቱ ራሱ እርጥበት ይስባል፤ ከውሃ ጋር ሲቆይ አሲድ ይሆንና የሞተሩን የሽቦ ጥቅል ይበላዋል። ከዚያ በኋላ የሞተር ዋጋ ነው የምታወራው።

አሁን ደግሞ ሐዋሳ ላይ የሚጠቅምህን ልንገርህ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፣ አየሩ ይሳሳል። ስለዚህ ቫኪዩም ስትስብ የሰማያዊው ጌጅ (የዝቅተኛው ግፊት መለኪያ) መርፌ ዩቲዩብ ላይ እንደምታየው ከዜሮ በታች 30 ኢንች ድረስ አይወርድልህም፣ 24 አካባቢ ይቆማል። ስንቱ ልጅ ፓምፑ ሞቷል ብሎ ፈታቶታል! ፓምፑ ደህና ነው። በትክክል ማወቅ ከፈለግክ ማይክሮን፣ ማለትም በጣም ጥቃቅን ግፊት፣ የሚያነብ ጌጅ ነው የሚያስፈልግህ፤ ከ500 በታች ወርዶ፣ ፓምፑን ዘግተህም ካልተነሳ፣ ሲስተሙ ደርቋል፣ አይተነፍስም ማለት ነው። የግፊትና የሙቀት ሰንጠረዡም የተሠራው ለባሕር ወለል ስለሆነ እዚህ ጌጅህ ከሰንጠረዡ ወደ 2.7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ከፍ ብሎ ያነባል። ኤሲ ላይ ብዙም አይታወቅህም። ፍሪጅ ላይ ግን ዝቅተኛው ግፊት ራሱ ትንሽ ስለሆነ ያሳስትሃል፣ ጋዙ በቂ ነው ብለህ አጉድለህ ትተወዋለህ።

ሒሳብ ላልከው መደመር ትችላለህ አይደል? ሞተሩ ላይ ሦስት የኤሌክትሪክ እግር አለ። በመልቲሜትር ሁለት ሁለት እያደረግህ ለካ። ትልቁ ንባብ የሌሎቹ የሁለቱ ድምር ነው። ትልቁን ስትለካ ያልነካኸው እግር ኮመን (የጋራው) ነው። ከኮመን ጋር ብዙ ኦም የሚያሳየው ስታርት (ማስነሻው)፣ ትንሽ የሚያሳየው ረን (ማስኬጃው)። ይሄ ከገባህ ለጀማሪ ይበቃሃል።

የሆቴሏ ቴክኒሻን፦
ጋሽ ባለ ጌጁ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ስለ ወረቀቱ ልናገር። ሆቴልም ሆነ ፋብሪካ መቀጠር ካሰብክ መጀመሪያ የሚጠይቁህ ደረጃህንና ሲኦሲህን፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና ወረቀትህን ነው። ሱቅ ውስጥ የፈለገ ጎበዝ ብትሆን ሲቪህን ተቀብሎ የሚያገላብጠው ሰው እጅህን አያየውም። የመንግሥቱ ቴክኒክና ሙያ በደረጃ በደረጃ ነው፤ ፖሊቴክኒኩ ዘንድሮ ይሄን ዘርፍ ተቀብሎ እንደሆነ ሬጅስትራር ድረስ ሄደህ ጠይቅ፣ በወሬ አትመን። ሱቅ የለመዱ ሰዎችም ለሲኦሲ ተመዝግበው ይፈተናሉ፣ መንገዱ ዝግ አይደለም።

ማሞቂያ ያልከው አስቆኛል 😄 ቤት የሚያሞቅማ የለም፣ ግን እንግዳው ከጉዞ መጥቶ ሻወር ሲከፍት ቀዝቃዛ ውሃ ከወረደበት የሚጠራው እኔን ነው። ቦይለር ማለት ነው። ኤለመንቱ ላይ ነጭ ድንጋይ ይጋገርበታል፣ ውሃው ቶሎ አይሞቅም፣ በመጨረሻ ኤለመንቱ ይቃጠላል። ሴፍቲ ቫልቩ ይንጠባጠባል ብሎ የደፈነ ሰው ደግሞ አይቻለሁ፣ እሱ ቦምብ መትከል ነው። ከዚህ ሌላ ላውንደሪው በእንፋሎት ነው የሚሠራው፣ ልብስ ፋብሪካዎችም ለመተኮሻ እንፋሎት ይፈልጋሉ። ስለዚህ “ማሞቂያ” የሚለውን ምዕራፍ ተማሪው ሁሉ ሲዘለው አንተ አትዝለለው።

ሌላው፣ የሚጠሩኝ ብልሽቶች አብዛኞቹ ጋዝ ሳይሆኑ ኤሌክትሪክ ናቸው። ሪሌ፣ ካፓሲተር፣ ቴርሞስታት፣ የላላ ሽቦ። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ግፊቱ ሳይረግብ ሞተሩ ልነሳ ይላል፣ አልችል ሲል ያጉረመርምና ኦቨርሎዱ ይቆርጠዋል። ሰው “ጋዝ አልቋል” ይላል። ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚለቅ የፍሪጅ ጋርድ ቢኖር ኖሮ እኔም አልጠራም ነበር። ኤሌክትሪክ በደንብ ሳትይዝ ጋዝ ውስጥ አትግባ።

አንድ ነገር ሳልረሳ፤ ለትብብር ስልጠና ስትላክ ዝም ብለህ አትቁም። እኔን የተላክሁበት ቦታ ሴት ናት ብለው መዝገብ አስያዙኝ። መዝገቡን እየጻፍኩ መሰላሉ ሥር ቆሜ “ይሄ ለምን ነው?” እያልኩ አሰለቸኋቸው፣ በኋላ ራሳቸው ቁልፉን ሰጡኝ።

ናዝሬት ኤሲ፦
እኔ ከአዳማ ነኝ፣ የመኪና ኤሲ ነው የምሠራው። እህቴ አትቀየሚኝ፣ ለቅጥር ካልሆነ ወረቀቱ ምን ያደርጋል? ብሮ፣ ሱቅ ግባ። ጠዋት መጥረጊያ ትይዛለህ፣ ሻይ ታመጣለህ፣ ዓይንህን ከከፈትክ ዓመት ሳይሞላ ኮንደንሰር ታወርዳለህ። እዚህ ሙቀቱ ሲጀምር መኪናው ተሰልፎ ነው የሚጠብቀን። ኮሌጅ የጨረሱ ልጆች እኛ ጋ መጥተው ፍሌር መሥራት፣ የመዳብ ቧንቧ አፍ ማስፋት ማለት ነው፣ ሲያቅታቸው አያለሁ፣ መዳቡን ሰንጥቀውት ይቀመጣሉ።

ግን ሱቅ ስል የትኛውም ሱቅ ማለቴ አይደለም። የሚተነፍስ ቦታ ለመፈለግ ከብየዳው ሲሊንደር ኦክስጅን የሚለቁ ካየህ ቦርሳህን ይዘህ ውጣ። ኦክስጅን በግፊት ከሞተር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፣ ቀልድ የለውም። ለዚህ የሚሆነው ናይትሮጅን ነው፣ እሱም በሬጉሌተር።

ባለ ጌጁ፦
@ናዝሬት ኤሲ ስለ ኦክስጅኑ እጅህ ይባረክ። ስለ ሱቁ ግን አንስማማም። ጋዙ እየተቀያየረ እኮ ነው። አር 22 ኦዞን ስለሚጎዳ በሞንትሪያሉ ስምምነት መሠረት እየወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ ደግሞ እነ አር 134ኤንም ለመቀነስ ተስማምተዋል፣ ምድርን ያሞቃሉ ተብለው። አሁን የሚመጡትን የቤት ፍሪጆች ሞተር ላይ እይ፤ አር 600ኤ የሚል ጽሑፍና የእሳት ምልክት አለበት። አይሶቡታን ነው፣ የምግብ ማብሰያ ጋዝ ዘመድ። ሱቅ ብቻ የለመደ ልጅ እንደ ድሮው ችቦውን ለኩሶ ቧንቧውን በእሳት ሊያላቅቅ ይሄዳል። ይሄኛው በቧንቧ መቁረጫ ነው የሚከፈተው፣ መስኮት ከፍተህ። ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ከሲሚንቶው ጋር ተለጥፎ ብልጭታ ይጠብቃል። አሞላሉም በግፊት ግምት አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ ሲስተሙ ውስጥ ያለው ጋዝ ከ150 ግራም በታች ስለሆነ በግራም ሚዛን ነው። ይሄን ሱቁ ውስጥ ማን ይነግረዋል? አለቃውም አልሰማ ይሆናል።

ናዝሬት ኤሲ፦
እሺ ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልከራከርዎትም። ሚዛን እኛም የገዛነው በቅርቡ ነው 😅

የታቦር ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በጣም። ሰኞ ፖሊቴክኒክ ሄጄ እጠይቃለሁ። ከተቀበሉኝ ቅዳሜና እሑድ ሱቅ እገባለሁ ብዬ አስቤያለሁ፣ እናቴም አጎቴም ዝም እንዲሉልኝ። ጋሽ ባለ ጌጁ፣ ጥቂት ብር አለችኝ፣ መጀመሪያ ምን ልግዛ? ጌጅ ልግዛ እንዴ?

ባለ ጌጁ፦
ጌጁ ይቆይ። መጀመሪያ መልቲሜትር፣ የሚቻልህ ከሆነ አምፔር የሚለካ ክላምፕ ያለው። ከዚያ ቧንቧ መቁረጫና ፍሌር ማውጫ፣ ርካሹ መዳብ ስለሚቀድ ሻል ያለውን። መነጽርና ጓንት አትርሳ፤ ፈሳሹ ጋዝ ዓይን ላይ ቢፈነጥቅ እንደ እሳት ነው የሚያቃጥለው። ጌጅና ፓምፕ ሱቁ ውስጥ ታገኛለህ።

ሱቅ ስትመርጥ ደግሞ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው አካባቢ ጠይቅ። ዓሣ የያዘ ፍሪዘር ሲቆም ባለቤቱ እስከ ነገ አይጠብቅም፣ ስለዚህ እዚያ ያሉት ጠጋኞች ሥራ አያጡም፣ አንተም በእጅህ ብዙ ትነካለህ። የምትገባበትን ስታገኝ ስማቸውን ሳትጠቅስ እንዴት እንደሚሠሩ እዚህ ጻፍልን፣ እናይልሃለን።