የኃዴራው ባሕር ይዘጋ ወይስ ይጠበቅ? (ክርክር)

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጥያቄያችን ስለ ኃዴራ ባሕር ነው። ነገሩን ላልሰማ ባጭሩ ልንገር። እስራኤል ውስጥ ኃዴራ ከተማ ዳር ኦሮት ራቢን የሚባል ትልቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫ አለ። ማሽኖቹ የሚቀዘቅዙት በባሕር ውኃ ነው። ውኃው ከሞቀ በኋላ ተመልሶ ወደ ባሕሩ ይለቀቃል። በቀዝቃዛው ወራት ሻርኮች ይህን ሙቀት ፈልገው በብዛት ይሰበሰባሉ። ኤፕሪል 21 ቀን 2025 አንድ ዋናተኛ እዚያው በሻርክ ተነክሶ ሞተ። ቦታው ዋና የተከለከለበት ነበር። ሰው ግን ይገባ ነበር። ታዲያ ምን ይደረግ? ጭራሽ ይዘጋ? ሻርኮቹ ይወገዱ? ወይስ በጥበቃ ይከፈት? የሟቹን ስም አናንሳ፣ ቤተሰብ አለው። የጥቃቱን ቪዲዮ እዚህ የሚለጥፍ ሰው ከግሩፑ ይወጣል።

የነታንያዋ እናት፦
እኔ አላወላውልም። ይዘጋ! ኃዴራ ከኛ ሩቅ አይደለም። በፋሲካው ሰሞን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ "ሻርክ እንይ" እያለ ሲጎርፍ ነበር። ሰው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሻርክ በአጠገቡ ሲያልፍ ስልኩን ደቅኖ ይቀርጻል። እኛ ከጎንደር ገጠር የመጣን ወላጆች ባሕር አናውቅም። ልጆቻችን ደግሞ ባሕር ዳር አድገው መፍራት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ማን ይመልሳቸው? አጥር ይታጠር። እነዚያንም አውሬዎች ወደ ጥልቁ ያባርሯቸው፣ ካልሆነም ይግደሏቸው። የሰው ነፍስ ይበልጣል።

ጠላቂው ከኃዴራ፦
እናቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። እኔም ያደግሁት እዚሁ ነው፣ ያንን ባሕር ከላይም ከውስጥም አውቀዋለሁ። ግን መግደሉ ላይ አልስማማም። ምክንያቴን ልንገርዎ።

እዚያ የሚመጡት ሁለት ዝርያዎች ናቸው፣ ዳስኪና ሳንድባር ይባላሉ። ሰው በማጥቃት ስማቸው የሚነሳ ሻርኮች አይደሉም። የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መለያ እያሰሩባቸው ለዓመታት ሲከታተሏቸው ቆይተዋል። ያን ሁሉ ክረምት ሰውና ሻርክ እየተላለፉ ኖረዋል። ታዲያ ምን ተለወጠ? ለኔ ትልቁ ነገር ምግብ ነው። ሰው ዓሣ ይወረውርላቸዋል። ጭራቸውን የሚይዝ አለ። በዋናተኛ መካከል መንጠቆ የሚጥልም አለ። ሻርክ ሰው ባለበት ምግብ እንዳለ ከለመደ መሸሹን ይተውና ይቀርባል። ብዙ ሆነው ለአንድ ቁራሽ ሲሻሙ ደግሞ ገራም የሚባለውም ይናከሳል።

አሁን ግደሏቸው እንበል። በመጀመሪያ በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ሁለተኛ፣ ሙቅ ውኃው እዚያው ነው። በሚመጣው ኖቬምበር ሌሎች ይመጣሉ። ማሩን ሳያነሱ ዝንቡን መግደል ነው የሚሆነው።

ከአዲስ አበባ፦
ይቅርታ ግን ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን? በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘው ዓለም አቀፍ መዝገብ በ2024 በዓለም ሙሉ ሰው ሳይተነኩሳቸው ሻርኮች የነከሱት 47 ጊዜ ብቻ ነው ይላል። በአንጻሩ ሰው በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ሻርክ እንደሚገድል ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ማን ማንን ይፍራ? እስራኤል ውስጥም በየበጋው ሰምጦ የሚሞተው ሰው ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

የነታንያዋ እናት፦
ልጄ፣ ቁጥሩን አልካድኩም። ግን ያ መዝገብ የዓለምን ባሕር ሁሉ ደምሮ ነው የሚናገረው። እኔ የማወራው ሻርኮች በየዓመቱ ቀጠሮ አክብረው ስለሚሰበሰቡበት አንድ ጥግ ነው። እዚያ የገባ ሰው ዕድሉ ከሌላው ባሕር ጋር እኩል ነው ትለኛለህ?

ከአዲስ አበባ፦
እኩል አይደለም። እዚህ ላይ ልክ ነዎት።

ከፓሪስ፦
እኔ ደግሞ "ጥፋቱ የሰው ነው" ብሎ ሻርኩን ነጻ ማውጣት አይዋጥልኝም። በሕንድ ውቅያኖስ ያለችውን የፈረንሳይ ደሴት ሬዩንዮንን ተመልከቱ። ከ2011 እስከ 2019 ባለው ጊዜ 11 ሰው በሻርክ ሞቷል። አብዛኞቹ በማዕበል ላይ በሰሌዳ የሚንሸራተቱ (ሰርፈሮች) ነበሩ። አንዱ የ13 ዓመት ልጅ ነው። በ2013 መንግሥት ማዕበሉን ከሚያግደው የኮራል ድንጋይ ወዲህ ካለው ጸጥ ያለ ውኃና ጥበቃ ካለባቸው ጥቂት ቦታዎች በስተቀር ዋናም ሰርፊንግም ከለከለ። በባሕር ይኖር የነበረ ሰው ባሕሩን አጣ። የሰርፍ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ቡል ሻርክና ታይገር ሻርክ እየተመረጡ እንዲጠመዱም ተደረገ። ከ2019 በኋላ ሞት የሌለባቸው ዓመታት መጡ። መጥመዱ ነው ያቆመው ወይስ ክልከላው፣ እስካሁን ይከራከሩበታል። ግን ልጁን የቀበረ ሰው ፊት ቆማችሁ "አትንኩት" ማለት ቀላል አይደለም።

ፐርዝ ነዋሪ፦
እኔ ካለሁበት ከምዕራብ አውስትራሊያ ልጨምር። እዚህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰባት ሰው ሞቶ ሕዝቡ ተቆጣ። በ2014 መጀመሪያ መንግሥት ከባሕር ዳርቻው ትንሽ ራቅ አድርጎ ምግብ የተሰካባቸው ትልልቅ መንጠቆዎች ጣለ። 172 ሻርክ ተያዘ፣ 68 ሞተ። ሰዉ በዋናነት የሚፈራው ነጩ ትልቁ ሻርክ ነበር። ከሱ አንድም አልተያዘም! የተያዙት ከሞላ ጎደል ታይገር ናቸው። በዚያው ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ እንዳይቀጥል መከረ፣ መንግሥትም ተወው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ኮትስሎ ባሕር ዳር ወጥቶ ተቃውሞ ነበር።

መረብ የምትሉም ካላችሁ የሲድኒን እዩ። ከ1937 ጀምሮ ይዘረጋሉ። ብዙ ሰው መረቡ ባሕሩን እንደ ግድግዳ የሚዘጋ ይመስለዋል። አይደለም። አንዱ መረብ 150 ሜትር ርዝመት፣ 6 ሜትር ቁመት ነው ያለው። ሻርኩ በጎኑም በላዩም በሥሩም ያልፋል። ኤሊና ዶልፊን ግን ይጠመድበታል። ሆኖም በሴፕቴምበር 2025 ሲድኒ ውስጥ ሎንግ ሪፍ ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ሰርፈር ሲገደል፣ ከጥቂት ባሕር ዳርቻዎች መረብ ለማንሳት ታቅዶ የነበረው ሙከራ ወዲያው ቆመ። ሐዘን ትኩስ በሆነበት ሰሞን መረብ አንሣ የሚል ባለሥልጣን አይገኝም፣ እኔም አልፈርድበትም።

ዛሬ እዚህ ይበልጥ የምንተማመነው በዓይን ነው። ሄሊኮፕተር አለ፣ ድሮን አለ። መለያ የታሰረበት ሻርክ ሲቃረብ መቀበያው ያስጠነቅቃል፣ መልእክቱም ስልካችን ላይ ይደርሰናል። ባሕሩ ለጊዜው ይለቀቃል፣ ሻርኩ ሲሄድ ይመለሳሉ።

የነታንያዋ እናት፦
እሺ፣ መግደሉን ተዉት። እናንተ ዘንድ ድሮን አለ፣ ጠባቂ አለ፣ ሁሉ አለ። በዚያ ቀን ኃዴራ ላይ ማን ነበር? "መዋኘት ክልክል ነው" ብሎ ጽፎ መሄድ ምንድን ነው? ክልከላውን የሚያስከብር ሰው ካልቆመ ጽሑፉ ለልጄ ምንም አይሠራለትም።

ጠላቂው ከኃዴራ፦
እዚህ ላይ መቶ በመቶ ከርስዎ ጋር ነኝ። እኔን የሚያቃጥለኝም ይሄው ነው። ሻርኮቹ በድንገት የመጡ አይደሉም። በየትኛው ወር እንደሚመጡ ይታወቃል። የት እንደሚሆኑ ይታወቃል። ሕዝብ እየጎረፈ መሆኑም በየስልኩ ይታይ ነበር። ይህ ሁሉ እየታወቀ ሰው እስኪሞት መጠበቅ አልነበረበትም።

ለዘላለም ይዘጋ የሚለውን ግን አልቀበልም። አጥር ካለ ሌሊት የሚገባ አይጠፋም፣ ያን ጊዜ ደግሞ አጠገቡ የሚረዳው ሰው የለም። ከኖቬምበር እስከ ሜይ ሙቅ ውኃው በሚወጣበት ጥግ ዋና አይኑር። ጠባቂ በየቀኑ ይቁም። ለሻርክ ምግብ የጣለ፣ ዋና ባለበት መንጠቆ የወረወረ ወዲያው ይቀጣ። ማየት የሚፈልግ ከከፍታ ላይ ይይ፣ መጥለቅ የሚፈልግም በቁጥር ተወስኖ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይግባ።

ከፓሪስ፦
መጥለቁን ለምን ትጨምራለህ? በዚህ በር የሚገባው ቱሪስት ነው፣ ከቱሪስቱ ጋር ደግሞ ገንዘብ ይመጣል። ገንዘብ ከመጣ "በቁጥር የተወሰነ" የሚባለው በሁለት ዓመት ውስጥ ይረሳል። መጀመሪያ አንድ ሙሉ ክረምት ያለ ማንም ሰው ይለፍ። ምግብ መለመዳቸው እውነት ከሆነ ይርሱት።

ጠላቂው ከኃዴራ፦
አንድ ክረምት ማሳረፉን እቀበላለሁ። ተመራማሪዎቹ ብቻ ይግቡ፣ ጠባያቸው ተመልሶ እንደሆነ ይንገሩን።

የነታንያዋ እናት፦
ለአንዱ ክረምት ተስማምተናል። ለጠባቂው ደመወዝ ማን ይከፍላል? ማዘጋጃ ቤቱ? የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣኑ? ሙቅ ውኃውን የሚለቀው ማመንጫ? አንዱ በሌላው ላይ ከጣለው በኖቬምበር እዚያው ነን።

ጠላቂው ከኃዴራ፦
ለኔ ማመንጫው መክፈል አለበት፣ ሻርኩንም ሰውንም የጠራው የሱ ውኃ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ያስከብር። ደብዳቤውን በዕብራይስጥ እኔ አረቅቃለሁ። እናቴ፣ እርስዎ የነታንያ ወላጆችን ፊርማ ያሰባስቡልኝ።

የነታንያዋ እናት፦
ሰንበት ምኩራብ ላይ እጀምራለሁ። ረቂቁን እስከ ሐሙስ ላክልኝ፣ ዕብራይስጥ ለማያነቡት በአማርኛም ይኑር።