የተዋስነው ብርቅ መጽሐፍ ቢጎዳስ? (በመጻሕፍት ውሰት ደንብ ረቂቅ ላይ ከአራት ከተሞች የተጻፈ ውይይት)

ከማርቆስ፦
ረቂቁን አነበብኩት። አንቀጽ 4 ላይ «ያበላሸ የመጽሐፉን ዋጋ ሦስት እጥፍ ይክፈል» ብለናል። እኔ አልስማማም። ገበያ ላይ ያለ መጽሐፍ ከሆነ እሺ፣ ገዝተን እንተካለን። ዳግም ያልታተመ የድሮ ኅትመት ወይም ብራና ግን ከየት ሱቅ ነው የምንተካው? ሦስት እጥፉስ የምን ሦስት እጥፍ? መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት ዋጋው ተስማምተንበት ካልተጻፈ፣ ጉዳት ሲመጣ ያዋሰው ዋጋውን ሰማይ ላይ ይሰቅለዋል፣ የተዋሰው ደግሞ «ድሮም አሮጌ ነበር» ይላል።

ከሞጣ፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። «ድሮም አሮጌ ነበር»ን የሚዘጋው ርክክብ ነው። ቅጠል በቅጠል ይቆጠር፤ የተቀደደው፣ ሰም የነጠበበት፣ ውሃ የነካው ሁሉ ይጻፍ፣ ፎቶ ይነሣ። ገበታው (የእንጨት ሽፋኑ) ተሰንጥቋል ወይ? የጥራዙ ክር ላልቷል ወይ? ማኅደር (የቆዳ መያዣ) አለው ወይ? ሲመለስም ሁለቱ ወገን ባሉበት በዚያው ወረቀት እንደገና ይታይ። ፎቶ በስልክም ይነሣል፤ በጀት የለም የምትለዋን ሰበብ እኔ አልቀበልም።

ከባሕር ዳር፦
የውጭዎቹ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍትም ለዐውደ ርእይ ሲያውሱ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ኢንሹራንሱ ከመደርደሪያ ከወጣበት ሰዓት እስኪመለስ ይሸፍናል፣ ብርሃኑም ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ ይላሉ። እኔ የምጨምረው ግን፣ የተዋሰው በራሱ እንዳይጠግን ነው። ብዙው ጥፋት ከቅን ልብ ነው የሚመጣው። ቅጠል ሲቀደድ ፕላስተር ይለጥፋሉ፣ ሙጫው ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆንና ገጹን ያበላሸዋል፤ የራሰ ብራና ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ፣ ቆዳ ነውና ይኮማተርና ድርቅ ይላል። ስለዚህ እንዲህ ይጻፍ፦ ጉዳት እንደታየ ንባቡ ይቁም፣ የረገፈችው ቁራጭ ሳትጣል በፖስታ ትቀመጥ፣ ለባለቤቱ በዕለቱ ይነገር፣ ጥገናውን ባለቤቱ ይወስን።

ከቢቸና፦
የገዳማቱን ነገር ረሳችሁትሳ! ዲማ ወይም መርጡለ ማርያም ያለ ብራና በእኛ ወረቀት አይወጣም። የደብሩ ጉዳይ ነው፣ የቅርስ አዋጅ 209/1992ም አለ፤ ከቅርስ ቢሮ ጋር ሳንነጋገር «ውሰት» የሚለውን ቃል ባናነሣው ይሻላል። ደግሞስ አብዛኛው ተማሪ የሚፈልገው ጽሑፉን እንጂ ቆዳውን አይደለም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ብዙ ሺህ ብራናዎች በማይክሮፊልም የተነሡት ለምን ሆነና? ቅጂው ይዋስ፣ ዋናው ይቀመጥ።

ከማርቆስ፦
ይሁን፣ ገዳማቱን ከረቂቁ አወጣኋቸው። አንቀጽ 4ን በርክክቡ ተክቼዋለሁ። ቅጣቱ ይቅር፤ የጥገናውን ወጪ ግን የተዋሰው ይክፈል፣ መጽሐፉ ከነጭራሹ ከጠፋ ደግሞ አስቀድሞ የተጻፈውን ዋጋ። ኢንሹራንስ የሚገባልን እስክናገኝ ብርቅ የሆኑት ከንባብ ክፍል አይወጡም፣ ጠያቂው ትምህርት ቤትም ቢሆን። ይሄ የሚያስቀይማቸው እንዳሉ አውቃለሁ። የሞጣዋ እህቴ የርክክቡን ቅጽ አንቺ ጻፊው፣ የተቃወመ እስከ ዓርብ ይጻፍልኝ።