ለጎንደር ተማሪዎች የካቶሊክን ሥርዓተ አምልኮ እንዴት ላስረዳ?

ጥያቄ (የታሪክ መምህር፣ ጎንደር)፦
የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የካቶሊክን እምነት ስለተቀበሉት ስለ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሳስተምር አንድ ተማሪ «ካቶሊኮችም ቅዳሴ አላቸው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከክፍሉ አብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለችው አንዲት ካቶሊክ ተማሪ ግን ጥያቄው ሲነሣ አንገቷን ደፋች፤ ይህም ከአእምሮዬ አልወጣም። ያለኝ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው። ሳልሰብክና ማንንም ቤተሰብ ሳላስቀይም፣ ምእመናኑ ዛሬ እንዴት እንደሚያመልኩና አብረው እንደሚኖሩ ከየት ጀምሬ ላስረዳ?

መልስ (የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ)፦
ውድ መምህር፣ ከቅዳሴው ይጀምሩ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ያለነው ካቶሊኮች የግእዝን ሥርዓት ስለምንከተል፣ የጎንደር ልጅ ቤተ ክርስቲያናችን ቢገባ ብዙውን ነገር ከቤቱ የሚያውቀው ሆኖ ያገኘዋል፤ ልዩነቱን የሚያስተውለው ካህኑ የሮማውን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስም በጸሎት ሲያነሡ ነው። በደቡብና በምዕራብ የላቲን (የሮማ ቤተ ክርስቲያን) ሥርዓት የሚከተሉ ብዙዎች ስለሆኑ ግን «ካቶሊክ ሁሉ እንዲህ ይቀድሳል» ከማለት ይቆጠቡ። ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ንስሐ፣ ቀንዲል፣ ክህነትና ተክሊል የምንላቸውን ሰባቱን ምሥጢራት ልጆቹ ራሳቸው እንዲቆጥሩ ቢያደርጉ፣ ከሚያውቁት ጋር ያስተያዩታል። የጋራ ኑሯችን በቁምስናው (በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን) ዙሪያ ነው፤ እሑድ ማስቀደስ ግዴታችን ሲሆን፣ ልጆች ትምህርተ ክርስቶስ ይማራሉ፣ ብዙዎችም በመቁጠሪያ ይጸልያሉ። ከተማችን ያለችበት የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

መልስ (ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር)፦
የኢየሱሳውያኑን (በሱስንዮስ ዘመን የነበሩትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ማኅበር) ታሪክ አያለሳልሱት። እ.ኤ.አ. በ1603 የመጣው ፔድሮ ፓኤዝ ቋንቋችንን ተምሮ በትዕግሥት ሲሠራ ቆይቶ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የተጠመቀው ሕዝብ ዳግም እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም ዳግም እንዲሾሙ በማዘዙ አገሩ በደም ተነከረ፤ ሱስንዮስም በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ። ይሁን እንጂ የዚያን ዘመን ጥፋት በዛሬዋ ልጅ ትከሻ ላይ መጫን ታላቅ በደል ነው። ከዚህ ጋር አባ ገብረ ሚካኤልን ያንሡ፤ እኒህ የጎጃም መነኩሴና ሊቅ ጎንደር ላይ የተማሩ ሲሆኑ፣ በ1844 ካቶሊክ ሆነው በ1855 በእስር ላይ ሳሉ ዐረፉ። ካቶሊክ ማለት ፖርቱጋላዊ ብቻ የሚመስላቸው ተማሪዎች በእርሳቸው ሕይወት ሌላ ነገር ያያሉ።

መልስ (ወላጅና የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ)፦
እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ልጄ ይህን ቢማር ደስ ይለኛል። የምንለይበትንም በግልጽ ይንገሯቸው፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የወሰነውን የ451 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የኬልቄዶን ጉባኤ ቤተ ክርስቲያናችን አለመቀበሏን፣ ካቶሊኮች ግን መቀበላቸውን ያስረዱ፤ ማን ትክክል እንደሆነ መፍረድ ግን የክፍሉ ሥራ አይደለም። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ያችን ተማሪ «አንቺ ንገሪን» ብለው አያስነሷት። ከዚያ በፊት ለብቻዋ ቢያነጋግሯት፣ ፈቃዷ ከሆነም ወላጆቿን ቢያማክሩ ይሻላል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለቅዳሴውና ለቁምስናው፣ ሁለተኛውን ለታሪኩ አደርጋለሁ። ተማሪዋን ነገ በዕረፍት ሰዓት አነጋግራታለሁ፤ ለወላጆችም የትምህርቱን ዓላማ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ዛሬ ማታ እጽፋለሁ።