የበግ ማድለቢያ ስታርትአፕ ይባላል ወይ?

ከዴንቨር፦ ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን ያለው ታናሽ ወንድሜ በግ የሚያደልብ «ስታርትአፕ» ልክፈት፣ ድርሻ ግዙ እያለ ነው። የአገር ልጆች ተሰባስበን ብናዋጣ ያዋጣል?

ከስቶክሆልም፦ ወንድሜ፣ ሥራውን አልናቅሁም። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ የመንዝ በግ ገዢ አያጣም። ግን መቶውን በግ ሁለት መቶ ላድርግ ቢል መኖው፣ በረቱ፣ ክትባቱ፣ ጠባቂው ሁሉ አብሮ እጥፍ ይሆናል። ገቢው ባደገ ቁጥር ወጪው እግር በእግር ይከተለዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ብታበድረው ይሻላል፤ ድርሻ ገዝቶ አሥር እጥፍ መጠበቅ ግን አያስኬድም። ስታርትአፕ ብለን ገንዘብ የምናስገባበት፣ አንዴ የተሠራው ነገር ለሚቀጥለው ሺህ ደንበኛ በጥቂት ተጨማሪ ወጪ ሲያገለግል ነው።

ከበጉ ሳንወጣ ላሳይህ። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳና ሞላሌ አካባቢ ገበሬዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው የግልገሉን ጆሮ ላይ ቁጥር ያደርጋሉ፣ ክብደቱን እየመዘኑ ይመዘግባሉ፣ ምርጡን አውራ ለጋራ ዘር ያስቀራሉ። ድሮ ቶሎ ያደገው ጠቦት ቀድሞ ገበያ ስለሚወጣ ለዘር የሚቀረው የከሳው ነበር። እንግዲህ ያንን መዝገብ በስልክ የሚይዝ፣ የአውራውን ትውልድ ለገዢ የሚያሳይ፣ ክፍያውን በቴሌብር የሚቀበል አገልግሎት ቢኖርስ? መንዝ ላይ ከሠራ ሌላው በግ አርቢ አካባቢ ቦንጋም ይሄዳል፤ አንድ በግ እንኳ መቀለብ የለበትም።

ይህን ይዞ ቢመጣ እንኳ እኔ መጀመሪያ የማየው ሰዎቹን ነው። በግ የሚያውቀውና ሶፍትዌር የሚጽፈው ሁለቱም ባለድርሻ ናቸው ወይስ አንዱ ቅጥረኛ ነው? ዘመድ ያልሆነ ገበሬ ከኪሱ ከፍሎበታል? የእኛ መዋጮ ለዚህ ማስረጃ አይሆንም፤ እኛማ ለሠርግም እናዋጣለን።

ዜግነት የቀየርክ ከሆንክ ደግሞ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012ን አንብብ። እንደ ውጭ ባለሀብት ከገባህ በመደበኛው ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር ትጠየቃለህ። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርን መምረጥ ይችላል።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ኔትወርክ ሲጠፋስ? እዚህ ሳምንት ሙሉ ሊጠፋ ይችላል። ያለ ኢንተርኔት መዝግቦ መስመር ሲመጣ የሚልክ ካልሆነ ገበሬው በሁለተኛው ወር ወደ ደብተሩ ይመለሳል። የዴንቨሩ ወንድማችን፣ ታናሽህን መጀመሪያ ይህን ጠይቀው።