ከጃፓን በኢንተርኔት ጨረታ የቀረበ አሮጌ ማንዶሊን፦ ልጫረት ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ
የአባቷ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በወጣትነታቸው ማንዶሊን ይጫወቱ ነበር። እኔ ሳልወለድ የተሰበረችውን ያቺን ማንዶሊን ዛሬም ቡና ሲፈላ እንደ ሰው ያነሷታል። አሁን እዚህ ከእኔ ጋር ስለሚኖሩ ለሰባ አምስተኛ ዓመታቸው አንድ ልገዛላቸው አስቤ የሙዚቃ መሣሪያ መደብሮችን ስዞር ያገኘሁት ሁሉ ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነውን የአሜሪካ ዓይነት ነው። እርሳቸው የሚያውቁት ግን ጀርባው እንደ ቅል የተነፋውን፣ ከቀጫጭን እንጨቶች የተገጣጠመውን ስለሆነ፣ ጠፍጣፋውን ሳሳያቸው "ይህማ ጊታር የወለደችው ነው" ብለው መለሱልኝ።

ፍለጋው በመጨረሻ ወደ አንድ የጃፓን የኢንተርኔት ጨረታ አደረሰኝ። ማንዶሊኑ በሆዱ ውስጥ የሱዙኪ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ዓመቱ "ሾዋ 48" ይላል። (አባቴ "ሸዋ ነው?" ብለው በጣም ሳቁ።) ዋጋው እስካሁን 11,500 የን ደርሷል፤ ጨረታው እሑድ ይዘጋል። ስድስት ፎቶዎች አሉት፤ ሁሉም ከፊት ለፊት የተነሡ ናቸው። ሻጩ በመግለጫው ላይ "ጃንክ" የሚል ቃል ጽፏል። ስለ መሣሪያው ምንም ስለማላውቅ፣ ይህ ዕቃ ገንዘብ የሚወጣበት መሆኑን በምን እንደምለይ፣ ከጨረታው ዋጋ በላይ ምን ምን ወጪ እንደሚጠብቀኝና እንዴት ብጫረት እንደሚሻል ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ
የናጎያ ሰው

እኅቴ፣ ስድስት ዓመት በጃፓኗ ከተማ በናጎያ ስለኖርሁ ስለ አገሩ ገበያ የማውቀውን ላካፍልዎ። በመጀመሪያ ይህ ሱዙኪ ከመኪናውና ከሞተር ብስክሌቱ ሱዙኪ ጋር ዝምድና የለውም። ማሳኪቺ ሱዙኪ የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1887 ናጎያ ውስጥ ቫዮሊን መሥራት የጀመሩበት ድርጅት ነው፤ ልጆችን ቫዮሊን በማስተማር ዘዴያቸው በዓለም የታወቁት ሺኒቺ ሱዙኪም የእርሳቸው ልጅ ናቸው። ሾዋ የንጉሠ ነገሥት ዘመን ስም ሲሆን፣ ቁጥሩ ላይ 1925 ከደመሩ የፈረንጁን ዓመት ያገኛሉ፤ ስለዚህ ይህ ዕቃ የ1973 ነው ማለት ነው። በጃፓን ዩኒቨርሲቲዎች የማንዶሊን ኦርኬስትራ ለረጅም ዘመን የቆየ ነገር በመሆኑ፣ ተማሪ ሆነው ገዝተው ከምረቃ በኋላ ቁም ሣጥን ላይ ያስቀመጡት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ይህን መሳይ ዕቃ በየሳምንቱ የሚወጣው ለዚያ ነው። ስለዚህ ይህ ቢያመልጥዎ ሌላ እንደሚመጣ አምነው ይረጋጉ።

"ጃንክ" የሚለውን ቃል ግን በቀላሉ አይለፉት። በዚያ ገበያ ቃሉ ዕቃው የግድ ተሰብሯል ማለት አይደለም፤ "እንዳለ እሸጣለሁ፣ ምንም ቢገኝበት አልጠየቅም፣ አልመልስም" የሚል ውል ነው። ጥሩ ዕቃ የያዘ ነገር ግን ስለ ማንዶሊን የማያውቅ ሻጭም ይጽፈዋል፤ አንገቱ መጣመሙን እያወቀ ዝም ያለ ሻጭም ይጽፈዋል።

ስለ አጨራረቱ፦ ከውጭ አገር ሆነው በቀጥታ ለመጫረት ስለሚያስቸግር አብዛኛው ሰው በወኪል ድርጅት በኩል ይገዛል፤ ወኪሉ የራሱን ክፍያ ይጨምራል፣ ዕቃውን ጃፓን ውስጥ ተቀብሎ እንደገና ያሽጋል፣ ከዚያ ይልካል። የመጨረሻ ጣሪያዎን አንድ ጊዜ ያስገባሉ፤ ሥርዓቱ ሌላ ሰው ሲጨምር ብቻ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ እስከዚያ ጣሪያ ይጫረትልዎታል። በመጨረሻው ሴኮንድ ላይ ዘልሎ መግባት ኢቤይ ላይ የሚሠራ ብልሃት ቢሆንም፣ በጃፓኑ የያሁ ጨረታ ሻጩ ማራዘሚያውን ካበራው በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ የገባ ዋጋ ሰዓቱን መልሶ ስለሚያራዝመው ብዙም አይጠቅምዎትም። ጣሪያዎን ቀን ላይ፣ ልብዎ ሳይሞቅ ይወስኑ።

መልስ
ጠጋኙ (ፍራንክፈርት)

የክር መሣሪያ መጠገን እንጀራዬ ነው። እኅቴ፣ ዋጋውንና ወረቀቱን ለጊዜው ይተዉትና አንገቱን ይመልከቱ። በዚህ ዓይነት አሮጌ ማንዶሊን አንገት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በቁልፍ የሚስተካከል የብረት ዘንግ የለም። ስምንት ክሮች ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተወጥረው ከቆዩ፣ ሻጩም ክሮቹን አላልቶ ካላስቀመጠ፣ አንገቱ ወደ ፊት ይጎብጣል፤ ያኔ ክሮቹ ከፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን የብረት መስመሮች፣ ርቀው ይቆሙና ለመጫን የጣት ጉልበት ይጠይቃሉ። ጥንድ ጥንድ ክር እንደሚጫኑ አይርሱ፤ የሰባ አምስት ዓመት ሰው ጣት ይህን ችሎ አይጫወትም።

ስለዚህ በወኪሉ በኩል ሻጩን ሦስት ፎቶ ይጠይቁ። የመጀመሪያው ከመቃኛዎቹ በኩል ሆኖ እንደ ጠመንጃ አነጣጣሪ አንገቱን ወደ ታች የሚያሳይ ይሁን፤ ጉብጠትም ሆነ ጥምዘዛ ካለ በዚህ ይታያል። ሁለተኛው ብሪጁን፣ ማለትም ክሮቹን ፊቱ ላይ ደግፎ የሚያቆመውን እንጨት፣ ከጎን የሚያሳይ ይሁን። ሦስተኛው ደግሞ ማንኛውም ሰው ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው፦ ሻጩ የአንድ የን ሳንቲም በአሥራ ሁለተኛው ፍሬትና በክሩ መካከል ያስገባ። የሳንቲሙ ውፍረት 1.5 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንዱ ገብቶ ብዙ ክፍተት ካልተረፈ ዕቃው ጥሩ ነው። ሁለት ሳንቲም ተደራርቦ ያለ ችግር ከገባ ግን ከ3 ሚሊሜትር በላይ ነውና ብሪጁን ማየት ያስፈልጋል። ብሪጁ ገና ከፍ ያለ ከሆነ ከላይ በሞረድ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ብሪጁ አስቀድሞ ተሞርዶ ካለቀ ግን የሚነካ ነገር አልቀረም፤ አንገቱን ፈትቶ እንደገና መትከል ደግሞ ማንዶሊኑ ከሚያወጣው ገንዘብ በላይ ያስከፍላል።

በፎቶ ላይ ሰዎችን በከንቱ የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። የዚህ ማንዶሊን ፊት ከብሪጁ አካባቢ ጀምሮ ወደ ጭራው ቁልቁል የታጠፈ ነው፤ ይህ የጣሊያኗ ከተማ የናፖሊ አሠራር ስለሆነ ስብራት አይደለም። የሚያሳስበው በድምፅ ቀዳዳውና በብሪጁ መካከል ያለው ቦታ ወደ ውስጥ ሰጥሞ ከታየ ነው። በጀርባው ላይ በቀጫጭን እንጨቶቹ መገጣጠሚያ ላይ የተከፈተ መስመር ቢኖር፣ በእንስሳት ቆዳና አጥንት ሙጫ የተሠራ ከሆነ ተሞቆ ይመለሳል፤ አንድ ሰው ኢፖክሲ በሚባለው የማይለቅ ማጣበቂያ ደፍኖት ከሆነ ግን እኔ ራሴ አልነካውም።

ተጨማሪ ከጠያቂዋ
የአባቷ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሻጩ በሁለተኛው ቀን መለሰ። ፎቶው ላይ ሁለት ሳንቲሞች ተደራርበው ገብተዋል፤ ከላያቸውም ትንሽ ብርሃን ይታያል። ብሪጁ ደግሞ ዝቅ ያለ ይመስለኛል። መግለጫውን በድጋሚ ሳስተረጉመው ጀርባው ከ"ሀካራንዳ" እንጨት የተሠራ መሆኑን ይናገራል። አባቴ ይህን ሲሰሙ "ያ አዲስ አበባ መንገድ ዳር ሐምራዊ የሚያብበው ዛፍ ነው" አሉ። እንዲህ ያለ እንጨት ችግር አለው?

መልስ
መርከብ ላኪው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

አባትዎ የሚሉት ጃካራንዳ ሌላ ዛፍ ነው። ጃፓኖች በጊታርና በማንዶሊን ንግድ "ሀካራንዳ" የሚሉት የብራዚልን ሮዝውድ ነው፤ ድምፁ ስለሚወደድ ዋጋውን ከፍ ለማድረግ ይጽፉታል። ለእርስዎ ግን ትልቅ ጣጣ አለው፤ ይህ እንጨት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሊጠፉ የተቃረቡ ፍጥረታት ንግድን በሚቆጣጠረው ሳይቲስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የመጀመሪያው፣ ማለትም ጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ሌሎች የሮዝውድ ዓይነቶች እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ማሻሻያ ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከሆኑ ነፃ ሲወጡ፣ የብራዚሉ ግን ነፃ አልወጣም። ዕቃው ከእገዳው በፊት የተሠራ ቢሆንም ይህንን የሚያረጋግጥ ሰነድ ከላኪው አገር መንግሥት ወጥቶ ካልተያያዘ ጉምሩክ ሊይዘው ይችላል፤ በ"ጃንክ" ዋጋ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ይህን ሰነድ አያወጣልዎትም። እንጨቱ በእርግጥ የብራዚሉ ላይሆንም ይችላል፤ ሻጩ ሀካራንዳ ብሎ ከጻፈ በኋላ ግን ለጉምሩክ ሠራተኛ "አይደለም" ብሎ ማስረዳቱ የእርስዎ ዕዳ ይሆናል። በአሮጌዎቹ የጣሊያን ማንዶሊኖች ፊት ላይ የሚታየው የኤሊ ልባስም እንዲሁ በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው፤ ሴሉሎይድ የተባለው ፕላስቲክ ከሆነ ችግር የለውም።

ስለ ወጪው፦ ዋጋቸው ከ800 ዶላር በታች የሆኑ ዕቃዎች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚገቡበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ታግዷል። ስለዚህ ቀረጡን ማን አስልቶ እንደሚከፍል፣ አጓጓዡም ለዚህ አገልግሎት ስንት እንደሚያስከፍል ከመጫረትዎ በፊት ይጠይቁ። እኔ ባለፈው ዓመት ላስመጣሁት አንድ ቫዮሊን ከጨረታው ዋጋ ይልቅ ለመጓጓዣው፣ ለወኪሉና ለቀረጡ የከፈልሁት በለጠ።

መልስ
ባለ ክራሩ (አዲስ አበባ)

ስለ ጉምሩኩ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ተጫዋቹ ነው። የማንዶሊን ነገር በእኛ አገር ሲነሣ የማንዶሊን ተጫዋቹን አየለ ማሞን የማያስታውስ የእርስዎ አባት እኩያ አይኖርም። ማንዶሊን እንደ ቫዮሊን ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብሎ ይቃኛል። ልብ ብለው ቢያዩት አራቱም ጥንዶች በጣት ሳይነኩ ሲገረፉ ከሶል በሚነሣው የትዝታ ሜጀር ቅኝት፣ ማለትም በሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ውስጥ ያሉ ድምፆች ናቸው። አባትዎ ለብዙ ዓመታት ባይነኩትም የመጀመሪያዋን ትዝታ በአንድ ቀን ያገኟታል።

ጀርባው የተነፋው መሆን አለበት የሚሉትን ግን እኔ ያን ያህል አላጠብቅበትም። ጠፍጣፋው ጭን ላይ አይንሸራተትም፤ እጅ የሚንቀጠቀጥበት አዛውንት ደግሞ ይህን ይፈልጋል። የተነፋውን ከወሰዱ ከጭናቸው ላይ የሚነጠፍ የማይሸሽ ጨርቅ አብረው ይስጧቸው። ክሩም ቀጭን ይሁን፤ የመጀመሪያው ክር 0.009 ወይም 0.010 ኢንች ቢሆን ይበቃል። በየመደብሩ "ሚድየም" ተብሎ የሚሸጠው በ0.011 የሚጀምር ሲሆን፣ ስምንቱ ክሮች አንድ ላይ ከሰባ ኪሎ በላይ ይስባሉ። የተሠራውም ፊታቸው ተጠርቦ ለሚወጣ ጠንካራ የአሜሪካ ማንዶሊኖች ነው፤ በአሮጌ የተነፋ ማንዶሊን ላይ ማሰር ፊቱን መስበር ነው።

መልስ
ጠጋኙ

ባለ ክራሩ ስለ ክሩ የተናገሩትን አጸናለሁ፤ ስለ ጠፍጣፋው ግን አልስማማም። ሰውየው "ጊታር የወለደችው" ብለዋል፤ ስጦታ ከሆነ የተሰጠው ሰው የወደደው ይሁን። የሳንቲሙን ፎቶ በተመለከተ፣ ሁለት ሳንቲም አልፎ ብርሃን የሚታይ ከሆነና ብሪጁም ካለቀ፣ ሀካራንዳም ሆነ ወርቅ፣ ይተዉት።

ከጠያቂዋ
የአባቷ ልጅ

ተውሁት፤ እሑድ በ23,000 የን ተሸጠ፤ አንዳንድ ሰው ሳይጠይቅ ይገዛል ማለት ነው። በዚሁ ሳምንት ግን እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ኦሪገን የሚኖር ሰው ያው የሱዙኪ የሆነ፣ ሾዋ 51 የሚል፣ ጀርባው ሜፕል የሆነ አንድ ማንዶሊን ለጨረታ አቀረበ። የአሜሪካን አንድ ሳንቲም አስገብቶ ላከልኝ፤ ሳንቲሙ ገብቶ ጥቂት ብቻ ተረፈ። ዕቃው እንደተገለጸው ካልሆነ ይመልሳል። 180 ዶላር ጣሪያ አስገብቼ በ142 ዶላር አሸነፍሁ። ዋጋው ከጃፓኑ ቢበልጥም ቀረጥና ወኪል የለበትም። አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ሻጩ ነገ ስለሚያሽገው ምን ልበለው?

መልስ
ጠጋኙ

እንኳን ደስ አለዎት። ክሮቹን ሁሉ አያውጣ፤ ብሪጁ የተጣበቀ ሳይሆን በክሩ ግፊት ብቻ የቆመ ስለሆነ ክሩ ሲወጣ ይወድቃል፣ ሲመለስም ቦታው ይጠፋል። እያንዳንዱን ክር ሁለት ያህል ድምፅ ዝቅ አድርጎ ያላላ፤ ከዚያ በብሪጁ ሥር ግራና ቀኙን ፊቱን በማይጎዳ ቀጭን የወረቀት ፕላስተር ያመልክትና አንድ ፎቶ ያንሣ። በክሮቹና በፍሬቶቹ መካከል ለስላሳ ጨርቅ ያስገባ፤ የመቃኛው ራስ በሣጥኑ ውስጥ ከምንም ነገር ጋር ሳይነካ እንዲንሳፈፍ ከአንገቱ ሥር ድጋፍ ያድርግለት፤ በመንገድ ላይ የሚሰበረው እዚያ ነውና። ሲደርስዎ ሣጥኑን ሳይከፍቱ ቢያንስ አንድ ሌሊት ቤት ውስጥ ይተዉት፤ ከተከፈተ በኋላም ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት እስከ ብሪጁ ያለው ርቀት ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ከመቃኛዎቹ በታች ክሮቹ እስከሚያርፉበት የአንገቱ ጫፍ ካለው ጋር እኩል መሆኑን በማስመሪያ ለክተው ቀስ ብለው ይቃኙት።